ይታይሽን የገደላት ላፕቶፕ

ተጣሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ዛሬ በሕይወት ላለች ሴት ሙሾ አውርጃለሁ።

ያውም በገዛ ቤቷ። ያውም ቄሱ ባሉበት። ያውም ከማንም አስበልጬ ለምቀየማት ሴት።

ከሥር «ነፍሷን ይማር» እያላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተዉ። ደህና ናት። ከእኔ ይልቅ ደህና ናት።

ጥፋቱ ደግሞ የእኔ አይደለም፣ የላፕቶፑ ነው። አንብባችሁ ፍረዱ።

ላፕቶፕ ለምን ገዛሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልጄ ማዛልም ይህንኑ ነው ያለችኝ። «እማ፣ ስልክ አለሽ አይደል? ምን ልትሠሪበት ነው?»

ምን ልሠራበት! የሐኪም ቀጠሮዬን ራሴ ልይዝበት። የመብራት ሒሳቤን ራሴ ላይበት። የሰርግ ፎቶ ሰው በሚያክል መጠን ልመለከትበት። በስልኬማ ሙሽራዋ የጤፍ ፍሬ ነው የምታክለው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እስከ አሁን ቀጠሮ የሚይዙልኝ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። እግሬን ባመመኝ ማግስት ሰፈሬ ክርያት ሐይም በሙሉ «እግርሽ እንዴት አደረ?» ይለኛል። እግሩ የእኔ ነው። ማወቅ ያለበት ሐኪሜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ሃዳር ሰፈር ወጣሁና አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሩስያዊ ሰውዬ ገዛሁ። ሰውዬው አንዱን ከመደርደሪያ አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና በዕብራይስጥ «ይኼ እኮ ታንክ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ክብደቱ የታንክ ነው። ድምፁም የታንክ ነው።

በፍጥነቱ ግን ታንክን አላማም።

ከመብራቱ ሲነቀል ወዲያው ይሞታል። ኪቦርዱ ላይ ዕብራይስጥ አለ፣ ሩስኛ አለ፤ አንደኛው ቁልፍ ደግሞ ወልቆ ቦታው እንደ ጥርስ ክፍት ሆኗል። ስከፍተው ማራገቢያው ስለሚጮኽ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ የማጸዳ ይመስላታል። «እንዴት ያለሽ ባለሙያ ነሽ» ብላኛለች። አላረምኋትም።

ያም ሆኖ ስክሪኑ ትልቅ ነው። ትልቅ ስክሪን ደግሞ በትንሹ የተደበቀውን ያወጣል።

አሁን ይታይሽን ላስተዋውቃችሁ። የሟቹ ባሌ እህት ናት፤ ክርያት ሞጽኪን ነው የምትኖረው። ከጎንደር ስንመጣ በጓዜ ውስጥ አንድ ጥልፍ ቀሚስ ነበረኝ፤ እናቴ በእጇ የጠለፈችልኝ። አዲስ መጤ ሁሉ በሚያርፍበት በመርካዝ ክሊታው ሳለን፣ አጥቤ ካሰጣሁበት ገመድ ላይ ጠፋ። ይታይሽን ጠየቅኋት።

«የምን ቀሚስ?» አለች። ዓይኗ አልተሰበረም።

ከዚያ ወዲህ በሰርግም በልቅሶም ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ እንሳሳማለን፣ ስለ ጤናችን እንጠያየቃለን። አልታረቅንም። ባገኘኋት ቁጥር «ልብስሽ ያምራል፣ ከየት አገኘሽው?» እላታለሁ። ሌላው ሰው ምስጋና ይመስለዋል። እሷ ይገባታል።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ አንድ ሰው የመርካዝ ክሊታ ዘመን ፎቶዎችን ለጥፎ አየሁ። በስልኬ አይቻቸው አልፌ ነበር። በላፕቶፑ ስከፍታቸው ግን አንዱ ላይ ይታይሽ ከሰው መሐል ቆማለች። ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች።

አቀረብሁት።

የእናቴ እጅ ነው። እናቴ አረንጓዴው ክር አልቆባት የግራውን እጅጌ ጫፍ በቡናማ ነበር የጨረሰችው። ስትጠልፈው አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ አላማረም» ብያታለሁ፤ «ማን አይቶት» ብላኛለች። ፎቶው ደብዝዟል፤ የግራው እጅጌ ግን ቡናማ ነው።

ላፕቶፑን ሳምሁት። አዎ ሳምሁት። ትኩስ ነበር።

ከዚያ ሌሎቹን ሰዎች ቆርጬ አውጥቼ ይታይሽን ብቻዋን አስቀረኋት። ሌላው ሰው ምን አደረገኝ? ፎቶውን እዚሁ ገጼ ላይ ለጠፍሁት። ቃሉን ከሥር በኮሜንት አስከትላለሁ ብዬ ነው ፎቶውን ያስቀደምሁት። የአማርኛ ፊደል በአንድ ጣት ሲለቀም ጊዜ ይወስዳል። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጨረስሁ፦

«እዩልኝ። የለበሰችው የእናቴን ቀሚስ ነው። የምን ቀሚስ ብላኝ ነበር። ሌባ።»

አጭር ነው። ግን ስንት ዓመት ያሰብሁበት ነው።

ላክሁት። ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች። ዞረች። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። «በራሱ ጊዜ ይሂድ» ብዬ እንደተከፈተ ትቼው ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ።

እንግዲህ የእኛን ሰው አስቡት። ዕድሜዋ የገፋ ሴት። ብቻዋን። በደበዘዘ የድሮ ፎቶ። አንድም ቃል የለበትም። የለጠፈችው ደግሞ የወንድሟ ሚስት።

ሰው ምን ይላል?

ምንም አይልም። መከራው ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፣ «ሞተች ወይ?» ተብሎም አይጠየቅም። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። እስከዚያው «ትንሽ አሟታል» ይባላል።

አንዷ ፎቶውን አይታ ለጎረቤቷ «ይታይሽን ትንሽ አሟታል» አለች። ያችኛዋ «ወይኔ» ብላ ለእህቷ ደወለች። የይታይሽ ልጅ አብርሃም ወደብ ሥራ ላይ ሳለ «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቤት ና» ተባለ። እናቱ ጋ ደወለ፣ አላነሣችም። ይታይሽ ስትወጣ ስልኳን ቤት ትታ ነው የምትወጣው፤ እንዳይሰረቅባት ነው አሉ። ሌባ ትፈራለች።

ሬሳ ደግሞ እዚህ አገር አያድርም። ስለዚህ ሁሉም ቸኮለ።

እኔ ቲማቲም እየመረጥሁ ነው። ማዛል ከሥራ ደወለች። ድምፅዋ ለስልሷል። የእኔ ልጅ ድምፅ ማለስለስ አታውቅም።

«እማ፣ የት ነሽ? ቁጭ የምትይበት አለ? አክስቴ ይታይሽን ትንሽ አሟታል። አትደንግጪ፣ እሺ? ቤሰደር? ነጠላሽን ያዢና እዚያ እንገናኝ።»

ነጠላሽን ያዢ።

ቲማቲሙ ከእጄ ወደቀ።

እኔ የማውቀውን እናንተም ታውቃላችሁ። ጠዋት ሌባ ብዬ ጽፌባታለሁ። እኩለ ቀን ሳይሞላ «ትንሽ አሟታል»። በቃ፣ ኮሜንቴን አንብባ ልቧ ቆመ። ገደልኋት። በቀሚስ ገደልኋት። የገመድ ላይ ልብስ ነፍስን ያህላል?

አውቶቡስ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ውኃ ሰጠችኝ። «ማን ነው?» ብትለኝ «እህቴ» አልሁ። እህቴ ብያት አላውቅም ነበር።

ክርያት ሞጽኪን ስደርስ ሰው ደረጃውን ሞልቷል። ሬሳው የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ አይጠየቅም። ሆስፒታል ይሆናል አልሁ። ለካ ሁሉም እንደዚያው ብሎ ነው የተቀመጠው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ቦታ ለቀቁልኝ። ሙሾ ስጀምር ሰው ጸጥ ይላል፤ ይህን ምቀኛዬም አይክደውም።

ያወረድሁት ይኸው፦

ቀሚሱም ያንቺ ነው፣ ጥልፉም ያንቺ ነው፣
አንቺ ከሄድሽማ ማንን ልክሰሰው።

ቤቱ ባንድ ድምፅ ተነሣ። ቄሱ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከኋላዬ አንዷ «እንዲህም ያለ ፍቅር አለ» ስትል ሰማሁ። ደገምሁት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አማረ።

በዚህ መሐል ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ሌላ ጩኸት መጣ።

«ልጄን! አብርሃሜን!»

ይታይሽ ናት።

ለካ ከማለዳ ጀምሮ ለደም ምርመራ ወጥታ ነበር። የአትክልት ጋሪዋን እየጎተተች ስትመለስ ደጃፏን ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሞልቶት አየች። የገዛ ደጇ ላይ ልቅሶ ያየ ሰው ምን ያስባል? ጋሪውን ጥላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እየጮኸች ወጣች። ሰው እንደ ባሕር ተከፈለላት። አብርሃም በሩ ላይ ቆሟል። ዳሰሰችው። ከዚያ ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን።

«ማን ነው የሞተው?»

ሁሉም ወደ ቄሱ ዞረ።

«ማን ነው የሞተው እኮ?»

ለሟቹ ለራሱ መርዶ የሚነገርበት ወግ የለንም። በመጨረሻ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በይ እስቲ ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «አንቺ ነሽ አሉን።»

አብርሃም መጀመሪያ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ማነው ያወራው?» አለ። ይህቺ ከዚያች ሰማሁ አለች፣ ያቺም ከሌላዋ። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ማዛል ስልክ ላይ ደረሰ። ማዛል ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች። ፎቶው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው።

«እማ፣ ለምንድን ነው የለጠፍሽው?»

ነጥቄያት ኮሜንቴን ፈለግሁ። «ነፍሷን ይማር»። ወረድሁ። «ነፍሷን ይማር»። እስከ መጨረሻው ወረድሁ። የእኔ ቃል የለም። ታንኩ አላደረሰልኝም።

በሕይወቴ በአሮጌ ዕቃ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ናፍቃኝ ነው» አልሁ።

እዚያ የነበራችሁና በዚህ ቃል እንደገና ያለቀሳችሁ፣ እንባችሁን ልመልስላችሁ አልችልም። ይቅርታ።

ይታይሽ ግን አላለቀሰችም። ሴቶቹ ሙሾዬን ቃል በቃል ሲነግሯት በጥሞና ሰማች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ጎን ለጎን።

«ቀሚሱም ያንቺ ነው አልሽ?» አለች ጮክ ብላ።

«አልሁ።»

«አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ ልብስሽ ከየት መጣ እንዳትይኝ።»

ለልቅሶ የመጣ ዳቦ አይመለስምና ተቆረሰ። ይታይሽ የራሷን የልቅሶ ዳቦ በላች። ጨው አንሶታል አለች።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ገባሁ። የማራገቢያው ጩኸት ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። ላፕቶፑ እንደተውሁት ነው፣ ክቧም እንደተውኋት ትዞራለች። ተናድጄ አንዱን ቁልፍ መታሁት።

ስክሪኑ ነቃ። ክቧ ቆመች።

ኮሜንቱ ሄደ።

ከዚያ ሁሉ «ነፍሷን ይማር» ሥር፣ በቄስ ፊት ከታረቅን በኋላ፣ «ሌባ»።

ላጠፋው ስል ክቧ እንደገና ተነሣች። ከመብራቱ ነቀልሁት። ላፕቶፑ ሞተ፣ ኮሜንቱ ግን አልሞተም። ስልኬን ሳነሣ ስልኬ ጮኸ። ይታይሽ።

«አነበብሁት» አለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እጅጌው ነው ያስታወቀሽ?»

«ቡናማው» አልሁ።

«እኔም ለብሼው ዓይኔ እሱ ላይ ነበር የሚያርፈው» አለች። «ሣጥን ውስጥ ነው። ነገ መጥተሽ ውሰጂው። ድሮም ያጠብበኝ ነበር።»

ይህን ቃል ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ። የምመልስላትንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ረጅም ነው፣ መግቢያ ሁሉ አለው። ከአፌ የወጣው ግን «የደም ምርመራሽስ ምን አሉሽ?» የሚል ነው።

ነገረችኝ። ለእናንተ አልነግራችሁም። ደሙ የእሷ ነው።

ኮሜንቱን በስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ያያችሁት አላየንም በሉ። ይህንንም የምጽፈው በስልኬ ነው። የሐኪም ቀጠሮዬን እስከ አሁን አልያዝሁም።

አሁን እናንተ ንገሩኝ። ቀሚሱን በቄስ ፊት ሰጥቻለሁ፣ ሙሾ ደግሞ አይመለስም። ነገ ሄጄ ከወሰድሁት ሌባዋ እኔ ነኝ። ካልወሰድሁት የእናቴ ቡናማ ክር ሰው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ወሰድሁት እንበል፤ በሚመጣው ሰርግ አጠገቧ ስቀመጥ ምን ብዬ ልነካካት?