የሦስት ቀን ሐኪም

በዚህ አገር ሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ በሄደበት ጠባይ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሲሄድ ሰላምታ ይሰጥ የነበረ ሰው ሲመለስ «ግብረ መልስ» ይሰጣል። የፈለጋችሁትን መሥሪያ ቤት በር አንኳኩ፣ አንድ አይጠፋም። የእኛ የሰመራው ቢሮ ግን ዕድሉ ሰፋና ክብርት ወይዘሮ ይርገዱን አገኘ።

ክብርትነታቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው፣ ለሥልጠናው የተመደበችው ልጅ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች በእሷ ቦታ አዋሽ ተላኩ። ርዕሱ «ስሜቱ ለተጎዳ ሰው የሚደረግ የምክር ድጋፍ» ነበር። የምስክር ወረቀት፣ የጨርቅ ቦርሳና አንድ የማይድን በሽታ ይዘው ተመለሱ። በሽታው ሰው ማከም ነው።

ከዚያ ወዲህ በቢሯችን እንደ ሰው መናደድ ቀረ። ገንዘብ ያዧ ቬንትሌተሯ ተበላሽቶ ስትጮህ ደረሱና «የተናደድሽው በቬንትሌተሩ አይደለም፣ በአባትሽ ነው» አሏት። ዘበኛው ሙሌ ሲያንቀላፋ ሲያገኙት ደግሞ «እንቅልፍ ከሐዘን መሸሻ ነው። እሱን አትዋጠው፣ አውጣው!» አሉት። ምስኪን «እማማ፣ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ» ቢል ማን ሊሰማው! የባሰው ግን የአተነፋፈሱ ሕክምና ነው። በሰኔ ቀትር፣ አርባ ሁለት ዲግሪ ላይ፣ ግቢ ውስጥ አሰልፈውን «በአፍንጫችሁ በረጅሙ ሳቡ» ይላሉ። የሰመራን የሰኔ አየር በረጅሙ የሳበ ሰው ጭንቀቱ ይቅርና ስሙም ይጠፋዋል።

እኔን ግን ያዙኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በአዋሽ መንገድ አዳይቱ አጠገብ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ። እኔ ክንዴን ብቻ ተሰበርኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና የሚባል ነገር አልሳፈርም። ጎረቤታችን ሎጊያ ከተማ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ለጠየቀኝ ሁሉ «ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ተራመድ ብሎኛል» እላለሁ። አገር አመነኝ። ወይዘሮ ይርገዱ ብቻ አንድ ቀን ሻዬን ሳማስል ትክ ብለው አዩኝና፣ «ሣህሌ፣ ስኳር ያለበት ሰው ሦስት ማንኪያ አይጨምርም። ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። መኪና መፍራቴን አመንኩላቸው።

በዚያው ሰሞን አዋሽ ያለችው ልጄ ኑሀሚን ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። «አባዬ፣ ለሠርጌም አልመጣህ፣ አሁንም ከቀረህ...» አለችኝ በስልክ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት። በእግሬ እንዳልሄድ መንገዱ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

«ሰማንያ ቀን ለሕክምና ብዙ ነው» አሉ ክብርትነታቸው። ለእሳቸውማ ትምህርቱ ራሱ ሦስት ቀን ነው! መዝገብ ቤት አስቀምጠው አውቶቡስ ሣል አሉኝ። ሣልኩ። «ይሄ ጎማ እናትህ ናት» አሉ። ቀጥሎ በየቀኑ ሎጊያ መናኸሪያ በእግር እየወሰዱ የሚኒባስ በር አስነክተው ይመልሱኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ መሮት «እማማ፣ ልትሳፈሩ ነው ወይስ ልትገዙት?» አለ። እንዲህ እንዲህ ስንል ሃምሳ ቀን አለፈ፤ እኔ ያው እኔው ነኝ።

እኔ አልድን ስል ለቢሯችን የፍየል ወተት ወደምታመጣው ወደ ሀምዳ ዞሩ። አንድ ጠዋት እኔ እያለሁ የሆዷን ጠየቋት። አፋር ደግሞ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ነው። ሀምዳ የዝናቡን፣ የፍየሎቹን፣ የሞተ ወንድሟን ነገር ሙሉ ሰዓት ነገረቻቸው። ክብርትነታቸው ደስ ብሏቸው ደብተር ሲሞሉ፣ «በይ አሁን ያንቺን አምጪ» አለች።

«እኔማ አማካሪ ነኝ፣ የራሴን አልናገርም።»

«ወላሂ ነውር ነው!» አለች ሀምዳ ተቆጥታ። «የሰው ዳጉ ወስደሽ ያንቺን ትደብቂያለሽ?»

ወይዘሮ ይርገዱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ባላቸው የጂቡቲ መስመር ሾፌር እንደነበሩ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንደወጡ መንገድ ላይ እንደቀሩ፣ ከለቅሶው በኋላ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አፈርኩ።

ሀምዳ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

«አውቶቡሱ ተገለበጠና...» ብዬ ስጀምር «እሱን ቆይ። ከመነሻው» አለችኝ። የት ተቀመጥክ? አጠገብህ ማን ነበር? ምን ለብሷል? ምን አለህ? አንድ በአንድ አወጣጣችኝ። ሰውየው ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጥቶኝ ነበር። ፀሐይ መታኝ ስለው ደግሞ «በል ና፣ እኔ ለምጃለሁ» ብሎ ቦታ ቀየረኝ። በእኔ ቦታ ሞተ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም።

«ደግ ሰው ነበር። አላህ ይዘንለት» አለች ሀምዳ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም። አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ክንድህ ድኗል፣ ልጅህ ወልዳለች። እሱንም ተናገራ!»

እየተንሰቀሰቅሁ እሱንም ተናገርኩ።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን ሎጊያ መናኸሪያ ደረስኩ። ወይዘሮ ይርገዱ ሁለት ትኬት ቆርጠው ቆመዋል። የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ለሥራ አስኪያጁ «ሁለተኛ ዙር ሥልጠና አለኝ» ብለውት ቢሮው በሙሉ ተሸብሯል። ፀሐይ በሚመታው በኩል እሳቸው ተቀመጡ። አዳይቱ ስንደርስ እጃቸውን ጨብጬ ያዝኩ። መንገዱ የእሳቸውንም ባል የወሰደ መንገድ ነውና፣ ከሁለታችን ማን ማንን እንደያዘ መለየት አልቻልኩም። ምክር አልሰጡኝም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ ኑሀሚን እኔን አየችኝ። የክርስትና እናት መምረጡን ለእኔ ትታው ነበር። ወይዘሮ ይርገዱን በክንዳቸው ይዤ ወደ ፊት አቀረብኳቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

«ለሕፃኗ ምኗ ናቸው?» አሉ ቄሱ።

«እስካሁን ምኗም አይደሉም፣ አባ» አልኩ። «የእኔ ሐኪም ናቸው።»