ሪዜና የሸኮዋ በቅሎ

«በእግሬ መጓዝ እወዳለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት! ወይ መኪና የለውም፣ ወይ ሐኪም አስፈራርቶታል፣ ወይ ሚስቱ ፊት አፉ አምልጦታል። እኔ ሦስቱም ደርሰውብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ሲዘጋ ባለቤቴ እቴነሽ፣ «ፈረንጅ በአውሮፕላን እየመጣ የሸኮን ጫካ በእግሩ ይጎበኛል። አንተ ሚዛን ተወልደህ፣ ሚዛን አርጅተህ፣ ከሰሌዳና ከካርታ ጨዋታ በቀር ምን አይተሃል?» አለችኝ። ማርጀቴን ባታነሳ ኖሮ ዝም እል ነበር...

«እኔ ነኝ ያረጀሁት? በጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ጫካውን በእግሬ አቋርጬ ባላሳይሽ! በቅሎ ላይ ከወጣሁ ይህን ሪዜን ላጪው!»

ሪዙን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። ሃያ ዓመት የተንከባከብኩት፣ ተማሪ ከሩቅ ሲያየው ሲጋራውን የሚጥልለት ሪዝ ነው። እኔን የሚፈራ ተማሪ የለም፤ የሚፈሩት እሱን ነው። እቴነሽ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ስትጠላው ኖራለች። ወዲያው ተነስታ ምላጭ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ ማለዳ ሸኮ ላይ ከሚኒባስ ስንወርድ አስጎብኚያችን አቶ ማርቆስ አንዲት ግራጫ በቅሎ ይዘው ጠበቁን። የአገሩ ተወላጅ፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የማያውቁት ዛፍ የለም።

«በቅሎዋ ለማን ናት?» አልኩ በጥርጣሬ።

«ለዕቃ ናት መምህር። ሰውም ትችላለች።»

እቴነሽ ሳቀች።

«መንገዱስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«የሦስት ሰዓት ነው።»

አልዋሹም፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች በሙሉ የዘመዶቻቸው መሆናቸውን ነው! የዘመድ ደጅ ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። የመጀመሪያው ቤት የአክስታቸው ነው፤ ገባን፣ በዝንጅብልና በቃሪያ የፈላ የቡና ቅጠል ተቀዳልን፣ የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበልን። ጎደሬውን በላን፣ መረቅን። ሁለተኛው ቤት የወንድማቸው ነው። ጎደሬ! ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ። ሦስተኛው ቤት የአማታቸው ነው፤ እዚያ ደግሞ እርጎ ተቀድቶ፣ እንቁላል ሊጠበስ ምጣዱ ሲጣድ አየሁ። በዚህ ዓይነትማ ተሸክመው በቅሎዋ ላይ ሊጭኑኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናም ዋሸሁ።

«ይቅርታ አቶ ማርቆስ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? እናንተ የምትጾሙት ረቡዕና ዓርብን...»

«የንስሐ አባቴ የሰጡኝ የግል ጾም ነው።»

አቶ ማርቆስ ሃይማኖት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ወዲያው ወደ ደጅ ወጡና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶው ኮረብታ ጮኹ። ከማዶ አንድ ድምፅ መለሰ። ከዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ ድምፅ...

«ምን አሉ?» አልኩ።

«እንግዳው ጾመኛ ነው አልኩላቸው። አይጨነቁ፣ ሁሉም ሰምቷል።»

አልተጨነቅኩም... አራተኛው ቤት እስክንደርስ! ለካ በዚህ አገር ከእርጎና ከእንቁላል በቀር የሚቀርበው ሁሉ የጾም ነው። ጎደሬው የጾም ነው፣ ሙዙ የጾም ነው፣ አቮካዶው የጾም ነው፣ ፓፓያውም የጾም ነው። ከዚያ በኋላ አራት ቤት ሙሉ «ይብሉ መምህር፣ የጾም ነው!» እየተባልኩ በላሁ። እቴነሽ ግን እርጎዋን እየጠጣች በዓይኗ ብቻ ታየኛለች። ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ከቀትር በኋላ ቤቱ አልቆ ዳገቱ መጣ። ዛፉ ሰማይ ሸፍኗል፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማው፣ ከላይ ደግሞ ጉሬዛዎች እየዘለሉ ይስቁብኛል። መንገዳችን ላይ ካገኘነው ፏፏቴ ሥር ፊቴን ስታጠብ ሪዜ ላይ የቀረው ውሃ እስከ አገጬ ተንጠባጠበ። ምን ልበላችሁ... ደስ አለኝ! እንደ ልጅ ጮኽኩ። በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ከኋላዬ ስትከተል ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። አመሻሽ ላይ ማደሪያችን ወደሆነው አቶ ማርቆስ ቤት ግቢ በገዛ እግሬ ገባሁ። ያሸነፍኩ መሰለኝ! የበላሁት ሁሉ ግን ዳገቱ ላይ ቀርቶ አንጀቴ ተጣብቋል።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። ዶሮ ወጥ!

«ረቡዕና ዓርብን ትጾማላችሁ ብለን በሐሙስ አረድንላችሁ» አሉ ወይዘሮ ማርታ፣ የአቶ ማርቆስ ባለቤት፣ ትሪውን እያስቀመጡ። ገና እጄን ስሰድ አቶ ማርቆስ ትሪውን ወደ እቴነሽ ገፋ አደረጉት።

«መምህር ጾመኛ ናቸው። ለእሳቸው ጎደሬ አምጪ።»

እቴነሽን በዓይኔ ተለማመጥኳት። ከዋሸሁበት ሰዓት ጀምሮ ይህችን ደቂቃ ስትጠብቅ እንደነበር የገባኝ አፏን ስትከፍት ነው።

«የንስሐ አባቱ እኮ በእግርህ እስከተጓዝክ ድረስ ጹም ነው ያሉት» አለች ረጋ ብላ። «በቅሎ ላይ ከወጣ ግን ጾሙ ያበቃል።»

«ታዲያ በቅሎዋ ደጅ ቆማ የለ እንዴ!» አሉ ወይዘሮ ማርታ ደስ ብሏቸው።

ሪዜን ዳሰስኩት። ሃያ ዓመት... ከዚያ ትሪው ላይ ያለውን የዶሮ እግር አየሁት፤ እንቁላሉ አጠገቡ ነው። ተነሳሁ። አቶ ማርቆስ እርካቡን ያዙልኝ፣ እቴነሽ ጉርሻውን ወደ ላይ አቀበለችኝ። በሌላ እጇ ምላጩን ይዛለች።

ከዚህ የጋዜጣ ጽሑፍ አናት ላይ በፎቶ የምታዩት ባለ ሪዙ ሰው እንግዲህ የቀድሞው እኔ ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ አዲስ ፎቶ ላክ እያለ ይነዘንዘኛል፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ሲጋራ መጣል ትተዋል። ተጸጽተሃል ወይ ካላችሁኝ ግን የወይዘሮ ማርታን ዶሮ አልቀመሳችሁም ማለት ነው። ሁለት ሪዝ ቢኖረኝ ለሁለተኛው እግር እንደገና በቅሎዋ ላይ እወጣ ነበር!