ስፒከሩ ታሞ የአባቴን ጆሮ አስመረመርሁ

የዛሬውን ጉዴን ስነግራችሁ «ለዚህ ሰው ዲግሪ የሰጠው ማን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

በሉ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ እያልሁ ነው!

ነገሩ የሚጀምረው ከሴንተር ስፒከሬ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ የተዋንያኑን ንግግር ከሚያወጣው ስፒከር ማለቴ ነው። ካርሜ ጋት ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ስንገባ ሙሉ ሆም ቴአትር ገዝቼ፣ ኬብሉን በገዛ እጄ ዘርግቼ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስለ ድምፅ ሞገድ ሌክቸር ስሰጥ ኖሬአለሁ።

አባቴ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከድሮው ሰፈር በአውቶቡስ ይመጣሉ። አብረን የአማርኛ ድራማ እናያለን።

አባቴ ከጎንደር ጀምሮ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። በድራማው ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉም ዝም ብለው ማየት አይሆንላቸውም፤ ከሶፋው ላይ ሆነው ጥፋተኛውን ይለዩና «ተነሥና ይቅርታ በላት» ብለው ያዝዛሉ። ተዋናዩ እሺ ካላለ ይቀየሙታል።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ንግግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድ ሲናገር በተለይ!

«ሰዎቹ ጥሬ እየቆረጠሙ ነው የሚያወሩ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሴቲንጉን ቀየርሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። በመጨረሻ በሪሞቱ የድምፅ መፈተሻውን ከፈትሁ፤ ያ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። እውነት ለመናገር ንግግሩ እኔንም ትንሽ ይረብሸኝ ነበር። ግን ቴስት ያለፈ አለፈ አይደል?

«አባ፣ ስፒከሩ ደኅና ነው፤ ጆሮዎ ነው» አልኋቸው።

አልተከራከሩኝም።

ያኔ ነበር መደንገጥ የነበረብኝ።

በሳምንቱ የተጣሉ ባልና ሚስት ወደ አባቴ ሰው ላኩ። አባቴ ግን እንቢ አሉ። «አልሰማም፤ ልጄ ነግሮኛል። ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው መለሱ። ዓርብም መምጣታቸውን ተዉ።

«ልጄ ነግሮኛል» የሚለው ቃል አላስተኛ ብሎኝ ዛሬ ጠዋት ወደ ክሊኒክ ወሰድኋቸው።

የመረመረቻቸው እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየችና በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጆሮ አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«ለአንተስ ቶር ልያዝልህ?»

ቶር ማለት እዚህ በዕብራይስጥ ቀጠሮ ነው። አባቴ መስኮቱን እያዩ ሳቃቸውን ዋጡ።

ከዚያ ቤቴ ገብተን ድራማው እንዲከፈት አዘዙ። ተነሥተው መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲያንቀሳቅሱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማሽን ሕመም የሚያውቁት በመዳፋቸው ነው።

«ውስጡ የላላ ነገር አለ። ገልብጠው።»

ቴስቱን ማለፉን ላስረዳቸው ጀመርሁ።

«ገልብጠው አልሁህ።»

ገለበጥሁት። ከጀርባው ባለው ክብ ቀዳዳ ጣቶቼን ሰደድሁ። ናይሎን ነካሁ። ሳብሁት።

የተሰባበረ የፋሲካ ቂጣ!

አፊቆማን ነው፤ በአይሁድ ፋሲካ ማታ አባወራው ደብቆ ልጆች የሚፈልጉት ቁራሽ። ዘንድሮ ሁለቱ ሴት ልጆቼ ቤቱን ገልብጠው ፈልገው አጡት። እኔም የደበቅሁበትን ረሳሁ። ረሳሁ አላልሁም እንጂ! ከመጻሕፍቱ ጀርባ እንዳስቀመጥሁት ምዬ፣ «ከእናንተ አንዳችሁ በልታችሁታል» ብዬ ፈረድሁባቸው።

ሰዎች፣ የሚያስፈራኝ ቂጣው አይደለም። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እጄ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ሲገባ ይታየኛል። የአንደኛው መጽሐፍ ሽፋን ሰማያዊ ነው። ያልሆነውን ይህን ያህል አጥርቼ የማስታውስ ከሆነ፣ «ሆኗል» ብዬ የምምልበት ሌላው ነገርስ?

አባቴ ናይሎኑን አገላብጠው አዩት።

«እኛ አገር ቂጣ ይበላ ነበር እንጂ አይደበቅም» አሉ።

ሶፋው ላይ ተመለሱና ይጠብቁኝ ጀመር። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አላስፈለገኝም። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ጉልበታቸውንም ሳምሁ። ለልጆቼም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለየብቻቸው እንድደግመው ተፈረደብኝ።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«እሑድ እመጣለሁ፤ ሁለቱም ይቅረቡ» አሉ። ከወዲያ ስለ ጆሯቸው ተጠየቁ መሰለኝ፣ ወደ እኔ አየት አደረጉ። «ጆሮዬ ተመርምሮ ደኅና ነው። የታመመው ሌላ ነው፤ እሱም እያገገመ ነው።»

ስፒከሩን ማለታቸው ይሁን እኔን፣ አልጠየቅሁም።

ለማንኛውም ለራሴ ቶር ይዣለሁ፤ ለጆሮ ሳይሆን ለማስታወስ ችሎታዬ።

ቆይ... ይዣለሁ አይደል?