ከአውሮፓ የመጣችው ወፍ

እሺ፣ ዛሬ ጠዋት የለጠፍኳትን ነጭ ወፍ ላይክ ያደረጋችሁ፣ "ዋው" ያላችሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ ወዳጆቼ፣ ቁጭ በሉና አንብቡ።

ወፍ አይደለችም።

ለማታውቁኝ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ልጆቹን ከክፍል አውጥቼ ሜዳ ላይ ላስተምር ብዬ ርዕሰ መምህራችንን አቶ ሙሉሰውን ስለምን ከርሜያለሁ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ አንድ ጊዜ አብሬሽ ልውጣና ልየው። ትምህርት ከሆነ ይቀጥላል፤ ሽርሽር ከሆነ ግን በዚሁ ይብቃን" አሉኝ።

ያ አንድ ጊዜ ዛሬ ነበር።

እኔ ደግሞ በራስ መተማመን አልታማም። ቡሬ ካለች ጓደኛዬ ባይናኩላር ተውሼ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ረግረግ ስንሄድ ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ልጆቹ፣ መጨረሻ ላይ አቶ ሙሉሰው በግራጫ ሱፋቸው።

ገና ከመድረሳችን፣ ከውሃው ማዶ ግራሩ ጫፍ ላይ አየኋት። ነጭ። ክንፏን ዘርጋ አጠፍ ታደርጋለች።

"ሁላችሁም ተኙ" አልኩ በሹክሹክታ።

ተኙ። በደረታቸው። ጭቃው ላይ። አቶ ሙሉሰውም የሱፋቸውን ኮት ሰብሰብ አድርገው ተኙ።

ከዚያማ ማን ያስቁመኝ? ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽታ እንደመጣች፣ ባሕርና በረሃ እንዳቋረጠች፣ እዚህ አርፋ ስትጠግብ እንደምትመለስ አወራሁ። በመሃል ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። እናንተም አላሳፈራችሁኝም፤ ላይኩ ወዲያው ጎረፈ።

ባይናኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ትርንጎ ጋ ደረሰ። ትርንጎ ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛዋ ልጅ ናት። አየች፣ አየች፣ አልሰጥም አለች።

"ቲቸር፣ ወፏ ላይ ጽሑፍ አለ።"

"ጎበዝ! እሱ ቀለበት ነው። ተመራማሪዎች እግሯ ላይ ያስሩላታል። ምን ይላል?"

"'ስለጎበኙን እናመሰግናለን' ይላል።"

ነፋስ መጣ። ወፌ ተገለበጠችና ሁለቱን ማንጠልጠያዎቿን አሳየችን።

ፌስታል።

ማንም አልሳቀም። የገደለኝ እሱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለነገሩ ግማሽ አካሌን ጭቃው ቀድሞ ውጦታል።

አቶ ሙሉሰው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ደረታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። "ከአውሮፓ ነው ያልሽን?"

ያን ጊዜ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ምን ላድርግ? ዝም ብል ሁሉም ነገር እዚያው ጭቃ ላይ ማለቁ ነው። "በሉ እንግዲህ፣ ሌሎቹን ወፎች ፈልጉልኝ" አልኳቸው።

እየሳቁ ተበተኑ። ሳሩ ውስጥ ፌስታል፣ ውሃው ዳር ፌስታል፣ ቁጥቋጦው ላይ ፌስታል። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ይበልጣል የሚባለው ተማሪዬ አንዱን ከጭቃ እየጎተተ፣ "የእኛ ላም ስትሞት ሆዷ ውስጥ ይኼ ነበር" አለ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ልጆቹ ከበውት እንዴት ታመመች፣ ምን አደረጋችሁ እያሉ ጠየቁት። እሱ ነገራቸው። እኔም ፌስታል ከብት ሆድ ውስጥ ለምን እንደማይፈጭ ጨመርኩበት። ጉራ አይምሰላችሁና፣ በዚህ ዓመት እንደዚያ ያለ ክፍለ ጊዜ አላስተማርኩም። ጭቃ በጭቃ ሆኜም ቢሆን!

ስንመለስ የለቀምነውን በጆንያ ይዘን ነው፤ አንዱን አቶ ሙሉሰው ራሳቸው ተሸክመዋል። ዋናው መንገድ ላይ አንድ ባለ ጋሪ፣ "ምን ተሸከሙ ጋሼ?" ቢላቸው፣ "ወፍ" አሉት። ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጆንያውን አወረዱና፣ "ይቀጥላል" አሉኝ።

በደስታ ልዘል ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩበት። "እኔማ ገና ስተኛ ፌስታል መስሎኝ ነበር። አንቺ እንዲያ እርግጠኛ ሆነሽ ስትናገሪ ግን፣ እኔ ነኝ የማላውቀው ብዬ አፈርኩ።"

ሰማችሁ? የተከበሩ ሰው ከነሱፋቸው ጭቃ ላይ ተኙ እንጂ "እርግጠኛ ነሽ?" ለማለት አልደፈሩም።

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፤ ስናገር ይኼን ያህል ነው የማስፈራው?