የጋሼ «ልማዱ ነው» አልጋ

ዳቦ ቤት የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ «ምንም አልሆነም» ባይ የሌለው ግን የለም። በተለይ ከባሕር አጠገብ። ውሃው ጉልበቱ ደርሶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ውሃ እንደሌለ የሚያስረዳችሁ ሰው እሱ ነው። የእኛው ክቡርነታቸው አናጢው ጎረቤቴ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ «ጋሼ ልማዱ ነው» እንላቸዋለን።

ባሕሩ ጀልባ የሚታሰርበትን ግንድ ዋጠ። «ልማዱ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።» የመንገዱን ግማሽ ቦጭቆ ወሰደ። «ልማዱ ነው።» የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ማለት የጀመረ ጊዜ እንኳ ሻያቸውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና፣ ባለቤቴ ስኳርና ጨው መለየት ተሳናት ብለው ጎረቤት ለዳኝነት ጠሩ። ዳኞቹ ሻዩን ቀመሱ። ከየቤታቸው ሻይ አንድም ልዩነት የለውም። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ፣ ለካ መለየት የተሳነው የሰፈሩ ሴት በሙሉ ነው አሉ።

እኔ ደግሞ አፌን መዝጋት አልፈጠረብኝም። ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ሄድኩባቸው። የፋብሪካውና የመኪናው ጭስ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ እንዳሞቃት፣ ውሃ ሲሞቅ እንደሚሰፋ፣ የብስ ላይ የተከመረው በረዶ እየቀለጠ ወደ ባሕር እንደሚወርድ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና በረዶ የጣሉበትን ሙሉ ብርጭቆ አነሱ። ይኸው ቀለጠ፣ ፈሰሰ ወይ አሉኝ። የሚንሳፈፈውማ ቦታውን አስቀድሞ ይዟል፤ ጉዱ ከውጭ የሚገባው ነው አልኩና ከራሴ ብርጭቆ በረዶ ዘግኜ ጨመርኩባቸው። ሱሪያቸው ላይ ተንዠቀዠቀ።

«አየህ» አሉኝ እያራገፉ፤ «ሰው ካልነካው አይፈስም።»

እኔስ ስለው የከረምኩት ምን ሆነና!

ብናደድ አይፈረድብኝም። ከፊተኛው ረድፍ የመጀመሪያው ቤት የሳቸው ነው፤ እፊተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ እግራቸው የከዳቸው እናታቸው ተኝተዋል። ማዕበሉ ግድግዳውን በጥፊ ማለት ጀምሯል። እህታቸው ዳገቱ ላይ ክፍል አዘጋጅታ ትለምናለች፤ የሚሰማት የለም። ክቡርነታቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ በገባ ቁጥር ከእናታቸው አልጋ እግሮች ሥር ጉማጅ እንጨት ይጨምራሉ። አልጋው ከፍ፣ አሁንም ከፍ እያለ፣ እማማ የጣሪያውን ሸረሪት ድር ተኝተው በእጃቸው እስከ መጥረግ ደረሱ። ጋሼ ምነው ሲባሉ ከፍ ያለ አልጋ ነፋስ ያገኛል ይላሉ።

ባለፈው ትዕግሥቴ አለቀና ግቢያቸው ገብቼ ጮህኩ። እናትዎን ሊያሰምጡ ነው ወይ አልኳቸው። ክንዴን ይዘው ከእንጨቱ ክምር ኋላ ወሰዱኝ።

«ድምፅህን ቀንስ፤ ግድግዳው ስስ ነው። እኔን የወለደችበት ቤት ነው። ባሕር ሊበላው ነው ልበላት?»

ንዴቴ ግን አልበረደም። እናታቸውን ለማስተኛት ብለው ሰፈሩን ሁሉ አስተኝተውታላ!

ባሕሩ ክርክራችን እስኪያልቅ አልጠበቀም። አንድ ጠዋት በሩን ገንጥሎ ገባ። ሮጬ ስደርስ ክቡርነታቸው እናታቸውን አዝለው እስከ ጭናቸው በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይወጣሉ። ባለቤታቸው ፍራሹን ተሸክማ ቀድማለች። ከኋላ ደግፌያቸው ዳገቱን ጀመርን። እማማ አንገታቸውን አዙረው ቤቱን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ምንድነው?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ሰፈሩን ያሰለቹበት ቃል ያን ዕለት አልወጣ አላቸው። ዞረው አዩኝ። ያ ሁሉ ያነበብኩት፣ ጭሱም ሙቀቱም በረዶውም፣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል።

«ልማዱ ነው፣ እማማ» አልኩ።

እማማ ራሳቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ጥቂት እንደወጣን የክቡርነታቸው ትንፋሽ ተመለሰ።

«አየሽ፣ እማዬ» አሉ። «ይሄ ልጅ እንኳ በመጨረሻ ገባው።»