በኃላፊው ፊርማ የጸደቀ የገና በቀል

በቀል እስከ ዛሬ ያለ ዕቅድ፣ ያለ ቃለ ጉባኤና ያለ ማኅተም ሲፈጸም የኖረ ኋላ ቀር ሥራ ነው። ሰው ይናደዳል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ አለቀ። ይህን ብልሹ አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተካከለው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው። እኔም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ እንደመሆኔ መጠን ታሪኩን ለትውልድ የማስተላለፍ ግዴታ አለብኝ።

ኃላፊያችን ታላቅ ሰው ነበሩ። ታላቅነታቸው በተለይ ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዘመድና ባዳ ሳይለዩ ሁሉን እኩል ይሰድባሉ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛውን ግን በተለየ ፍቅር ይወዱት ነበር። ግምጃ ቤቱ ስንል ክፍሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ግምጃ ቤቱ ሲናገር ይንተባተባል። ስለዚህ ኃላፊያችን በጽሑፍ ያቀረበውን ሪፖርት ወደ ጎን ገፋ አድርገው በቃሉ እንዲያስረዳ ያዙታል። ወንበር ለማለት «ወ... ወን...» ሲል፣ «ወንዝ ነው? ወንፊት ነው? አምጠው እንጂ» ይሉታል። እኛ እንስቃለን። አናዝንለትም ነበር የሚል ግን ሐሰተኛ ነው። ከስብሰባው በኋላ በየቢሯችን ገብተን፣ በሩን በደንብ ዘግተን፣ ከልብ እናዝንለት ነበር።

ውሎ አድሮ ሰውየው መናገር ተወ። ዕቃ ሲጠየቅ በጣቱ ይጠቁማል። ሰላም ሲሉት አንገቱን ይነቀንቃል። ይባስ ብሎ በቤቱም ዝም ማለት እንደጀመረ፣ ለልጁ እንኳ ተረት መንገር እንደተወ ሚስቱ ለጸሐፊያችን ነግራ አለቀሰች። ይህን ስንሰማ ነገሩ ከነከነን። የሰው ድምፅ ዓይናችን እያየ ሊጠፋ ነው። አንድ ነገር ማድረግ አለብን አልን።

ኃላፊውን ፊት ለፊት «ይተዉት» ማለት የሚባል ዘዴ መኖሩን አላጣነውም፤ ለሥራ አመቺ ሆኖ አላገኘነውም እንጂ። በየዓመቱ በገና ዋዜማ በአዳራሹ የምንዝናናበት ዝግጅት አለ። ለእሱ አጭር ፊልም እንሥራ ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ትሉ ይሆናል። እኛ ኪነ ጥበብ ነው ያልነው።

ድርሰቱን እኔ ጻፍኩት። ሠራተኞቹን የሚያዋርድ አንድ አለቃ አለ። በገና ዋዜማ የገና አባት ልብስ የለበሱ ሠራተኞች አፍነው ይይዙትና ማቀዝቀዣ በመጣበት ካርቶን ይከቱታል። ከዚያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው፣ በሪባን አስረው፣ ከነሕይወቱ ወደ ቆሻሻ መጣያ በጭነት መኪና ይልኩታል። ኃላፊያችን ይህን አይተው ራሳቸውን ያውቃሉ፣ ያፍራሉ፣ ግምጃ ቤቱንም ይተዉታል። ተስፋችን ይኸው ነበር።

አለቃውን ሆኖ የሚሠራ ማን ነው ሲባል ሁሉም የልጆች አባት መሆኑ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ እጁን አነሳ። ላለመሳቅ ጣራ ጣራውን አየን። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ የሚቀርጸው ካሜራማናችን ይሉኝታ ይዞት «እስቲ ሞክር፣ ወንድሜ» አለው።

ግምጃ ቤቱ ተነሳ፣ ደረቱን ነፋ፣ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ።

«አንቺ፣ ይሄን መነጽር ያደረግሽው ልታዪበት ነው ልትታዪበት?»

አንዲት ፊደል አልተሰናከለችበትም። የሌላ ሰው ቃል ሲናገር ምላሱ ይታዘዝለታል ለካ። ጸሐፊዋ በመሰደቧ በጣም ደስ ብሏት አለቀሰች።

የቀረን ጥቃቅን ጉዳይ ነበር። በእኛ ቤት ያለ ኃላፊው ፊርማ እስክሪብቶ አይወጣም። ለካሜራው ፊርማ ያስፈልጋል፣ ለመኪናው ፊርማ ያስፈልጋል፣ ለባዶው ካርቶን እንኳ ፊርማ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ እንሥራው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት አክባሪዎች ነን። ስለዚህ በቀሉን ለምንበቀላቸው ሰው አቅርበን ማስፈረም ነበረብን። እኔ ይዤ ገባሁ። ኃላፊያችን አንብበው ጨረሱና ቀና አሉ።

«ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

«ልብ ወለድ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ተው እንጂ። ላይኛው ፎቅ ያለው ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ግን አለስልሰኸዋል። እንዲህ ያለ አውሬ እንዲህ ብቻ አይናገርም። እኔ አሳያችኋለሁ።»

ፈረሙ፤ ተከትለውኝም ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግምጃ ቤቱን ከጎናቸው አቁመው ያሠለጥኑት ጀመር። ሰው ሲገባ ቀና ብለህ አትየው፣ ስሙን እያወቅህ ማነህ በለው፣ ከዚያ ዝም በል፣ ፍርሃቱን ራሱ ያመጣዋል ይሉታል። ግምጃ ቤቱ በትጋት ያዳምጣል። ብቻውን ሲሆን በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ ሳሙናና መጥረጊያውን ሲያንቀጠቅጥ እንሰማዋለን። አንዱ ሌላውን በክርኑ እየነካ፣ እንዴት ደስ ይላል፣ መናገር ጀመረ እንባባላለን።

ቀረጻው ሲቃረብ ኃላፊያችን የገና አባቶቹን መሪ እኔ ነኝ አሉ። ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ጥጥ ተወስዶ ጢም ተሠራላቸው። በመኪና መላኩ ብቻ አይበቃም፣ ካርቶኑ በደረጃው ይንከባለል ብለውም ጨመሩ። ባዶውን እናንከባልላለን ስንል ተቆጡ። ባዶ ካርቶን ድምፁ ያስታውቃል፣ ደግሞስ ለግፈኛ ምን ርኅራኄ ያስፈልገዋል አሉ። ግምጃ ቤቱ ገባ፣ ሪባኑ ታሰረ፣ ኃላፊያችን በሙሉ ልባቸው ገፉት። ካሜራማኑ ብርሃኑ አላማረኝም ስላለ ደገሙት። በሁለተኛው ላይ የግምጃ ቤቱ ክንድ ወለቀ። ከካርቶኑ ውስጥ ድርሰቱ ላይ ያልነበረ እርግማን እንደ ጎርፍ ወረደ፤ እያንዳንዳችንን ከነአባታችን ስም ያዳረሰ። ትወና ነው ብለን አደነቅን።

በዋዜማው አዳራሹ ጢም አለ። ፊልሙን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የኃላፊውን ፊት ነበር። ኃላፊያችን ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ካርቶኑ ሲንከባለል ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው መድረክ ላይ ወጡ።

«በመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣» አሉ፣ «ዛሬ በገና ዋዜማ አሳዩኝ። እኔ ራሴ አስወጣዋለሁ።»

ሁላችንም ጫማ ጫማችንን አየን። ያኔ ግምጃ ቤቱ፣ ክንዱ በፋሻ እንደታሰረ፣ ተነስቶ ቆመ። የዚያ ሁሉ ልፋት ትርጉም ከአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እ... እር...» አለ።

«እርጎ ነው? እርሳስ ነው?» አሉ ኃላፊያችን።

ሳቅን። ምን ይደረግ፣ ልማድ ነው። ግምጃ ቤቱ አንድ በአንድ አየንና ተቀመጠ።

ፊልሙ የበላይ አካልን እጅግ አስደሰተ። ኃላፊያችን ሠራተኛ እንዳይዋረድ ላደረጉት ተጋድሎ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ወደ ላይኛው ፎቅ በዕድገት ተዛወሩ። ሲሄዱ፣ በራሴ እጅ ያበቃሁት ሰው ብለው ምትካቸውን ጠቆሙ፤ ግምጃ ቤቱን። ደስታችን ወሰን አጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው አባባል በእኛ ቤት ተሻረ፣ የወደድነው ወረሰ አልን። ግፍ የቀመሰ ሰው ግፍ አይሠራም እያልን ተቃቀፍን።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ ኃላፊያችን ገቡ። እኔ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ፈገግ አልኩላቸው። ቀና ብለው አላዩንም። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እኔ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ።

«ማነህ አንተ?»

«የ... የሕ... የሕዝብ...» አልኩ።

«የሕዝብ ምን? የሕዝብ ሽንት ቤት?» አሉ፣ ቃሉ ከአፋቸው እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጸሐፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሰይ፣» አለችኝ፣ «አፋቸው ተፈታ።»