ክቡር እዚያው እና አዲሱ ባሕር

«እዚያው» የሌለበት ቤተሰብ የለም። እኛ ቤት የለም ካላችሁ ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው። ካፌ ሲገባ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኘ ሌሎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ሳለ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ፀጉር ቆራጩ ታሞ ከተኛ እስኪድን ድረስ ጎፈሬውን ተሸክሞ የሚዞር፣ ጫማው ሲያልቅ ያንኑ ጫማ ከዚያው ሱቅ ገዝቶ «አዲስ ጫማ ገዛሁ» ብሎ የሚያስመርቅ ሰው ታውቃላችሁ። በእኛ ቤተሰብ ይህን ሹመት የያዙት የታላቅ እህቴ ባል፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ክቡር እዚያው ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልኩ አንተ ነው የምላቸው፤ አንቱ የምላቸው በሌሉበት ሳማቸው ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው አንድ ልክፍት አለባቸው፤ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ። እኔም ላይ ያጋቡብኝ እሳቸው ናቸው። ሰው የሚጠልቀው ያላየውን ሊያይ ነው፤ እሳቸው የሚጠልቁት ያዩት ሁሉ በቦታው መኖሩን ሊያረጋግጡ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ያው የባሕር ዳርቻ፣ ያው ማረፊያ ቤት፣ ያው ጀልባ፣ ያው ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ። ክፍሉም ያው ነው፤ ቧንቧው የሚንጠባጠበው። አንድ ዓመት የማረፊያ ቤቱ ባለቤት አስባ ቧንቧውን ብታስጠግነው ክቡርነታቸው እንቅልፍ አጥተው ክፍል ይቀየርልኝ አሉ።

ኮራሉን እንደ ሰፈራቸው ነው የሚያውቁት። ለየድንጋዩም ስም አውጥተዋል። ራሰ በራው ድንጋይ «የሒሳብ አስተማሪዬ» ነው። ትከሻዋ የሰፋው «አክስቴ» ናት። እባብ የሚመስል ጥርሳም ዓሣ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅበት ጉድጓድ «አማቴ ቤት» ይባላል፤ አማታቸው እናቴ መሆኗን ልብ በሉልኝ። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀጥ ብላ የቆመች ድንጋይ አለች፤ እሷ «ባለቤቴ» ናት። እሷ ጋ ሲደርሱ አየሩ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። በእጃቸው ነካ ያደርጓትና ይመለሳሉ። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የአየር መለኪያ አያዩትም። «ባለቤቴ እያለች መለኪያ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። እህቴ ይህን ስትሰማ ደስ ይበላት ይክፋት እስካሁን አልገባኝም።

«ለእኔስ ድንጋይ የለም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። አብረን ስንጠልቅ ስንት ዓመታችን ነው! አጎት አላቸው፣ የጎረቤት ውሻ እንኳ አለቻቸው።

«ለአንተ?» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። «ድንጋይ ይረጋል። ጋዜጠኛው፣ አንተ መቼ ረግተህ ታውቃለህ?»

በሳቅ አለፍኩት፤ ግን ከነከነኝ።

እውነት ለመናገር እኔ የለየልኝ ተቃራኒያቸው ነኝ። በዓመት አንዴ የእሳቸውን ድንጋዮች አብሬያቸው ከመሳለም በቀር፣ በራሴ ጉዞ አንድ ባሕር ሁለቴ ገብቼ አላውቅም። ያየሁትን ልደግም ለምን እደክማለሁ? ከአዲስ ቦታ ተመልሼ ፎቶ ሳሳያቸው ገና ሁለተኛው ላይ ስልኩን ይመልሱልኛል። «ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል» ይሉኛል። እኔም አላርፍ እላለሁ። «መቶ ጊዜ ጠልቄያለሁ እኮ!» ሲሉኝ፣ «አንድ ጊዜ ነው የጠለቅከው ጋሼ፤ መቶ ጊዜ ደገምከው» እላቸዋለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጆሯቸው ይቀላል።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነገሩ ከረረ። ወዳጆቼ ከውሃው ሥር ገደሉ ጨለማ ውስጥ ስለሚገባበት፣ ዓሣው እንደ መንጋ ስለሚተምበት አንድ ባሕር ነግረውኝ እብድ አድርጎኛል። እንሂድ አልኩ። እሳቸው ወይ ፍንክች።

«ምን ጎድሎብኝ?» አሉ።

«ፈርተህ ነው» አልኩ።

ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጆቻቸው ማኘክ አቆሙ። እህቴ በዓይኗ ቀጣችኝ፤ ግን አፌ አንዴ አምልጦኛል። ሰው በገዛ ገበታው፣ በልጆቹ ፊት ፈሪ ተባለ። ክቡርነታቸው አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ፤ አጣጥፈው አስቀመጡት።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ።

በመሄጃችን ቀን እህቴ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ስማኝ፤ እዚያ የለመደው ቦታ ሲሄድ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሲወጣም ሲገባም አውቃለሁ። አሁን ግን ምን ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም።»

«ኧረ እትዬ! እኔ አለሁ አይደል?»

«ይዘኸው እንደሄድክ ይዘኸው ና። አለዚያ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። እኔም መሳቄን ተውኩት።

አዲሱ ቦታ ስንደርስ ክቡርነታቸው ምንም አልተናገሩም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ፍራሹ ጠነከረ፣ መስኮቱ በተሳሳተ በኩል ነው፣ ቧንቧው ለምን አይንጠባጠብም ብለው ቢነዘንዙኝ ደስ ባለኝ። ጠዋት ጀልባው ላይ ቀበቷቸውን አጠበቁ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጠበቁ። ማዕበሉ ጀልባውን ባነሳው ቁጥር የወንበሩን ጠርዝ ይይዛሉ።

ባሕር ውስጥ የሚመራን አስጠላቂያችን ጠና ያለ፣ ፀሐይ ፊቱን ያከሰለው ሰው ነበር። «ስንት ጊዜ ጠልቀዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መቶ።»

«መቶ!» አለ ሰውዬው በአክብሮት። «ታዲያ እርስዎ ነዎት እኛን የሚመሩን።»

«አንድ ጊዜ ነው፤ የተደገመ ነው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውን በገበታው ፈሪ ብዬ፣ ደግሞ በጀልባ በሰው ፊት? ምላሴን ያዝኩና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ ደስ ካላለህ እንተወው። ለማንም አልናገርም።»

«ፈሪ ነው ያልከኝ አይደል?» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ኋላ ተገልብጠው ውሃው ውስጥ ገቡ።

ታች ስንወርድ አስጠላቂው ከፊት ነበር፤ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ተከትለውታል፤ ከዚያ እኛ። ገደሉ በቀኛችን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥር ጥቁር ነው። አስጠላቂው ዞር ብሎ መዳፉን በሁለት ጣት መታ መታ አደረገ። ስንት አየር ቀራችሁ ማለቱ ነው። እኔ መለኪያዬን አይቼ በጣቴ ነገርኩት። ክቡርነታቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን አገናኝተው ቀለበት ሠሩ፤ ደህና ነኝ። ወደ መለኪያው አላዩም። መቶ ጊዜ ባሕር የገባ ሰው ደህና ነኝ ካለ ማን ይጠረጥራል? በዚያ ላይ የሙሽሪት መነጽር ውሃ ማስገባት ጀምሮ ስለነበር አስጠላቂው ወደ እሷ ሄደ።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። ውሃ ውስጥ የአንቱ ምልክት የለም፤ ላጣው የፈራሁትም የእህቴን ባል እንጂ ክቡርነታቸውን አልነበረም።

የእኔ አየር ግማሽ ሲሆን መመለስ ነበረብን። እሱ ግን ይሄዳል። ገደሉን ተከትሎ፣ ራሱን ወደዚህ ወደዚያ እያዞረ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ሲሊንደሬን በብረት ቀጠቀጥኩ። ዞር አላለም። ከአፉ የሚወጣው አረፋ በዛ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይከተላል። የፈራ ሰው አየር ይበላል። ያኔ ነው የገባኝ። መመለሻውን እየፈለገ ነበር። ራሰ በራ የለ፣ አክስት የለች፣ አማት የለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ ይህ ሰው ባለቤቱን እየፈለገ ነበር።

እግሬ እስኪዝል ቀዘፍኩ። ስደርስበት ከገደሉ ወጣ ያለ አንድ ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። መለኪያውን ጎትቼ አየሁ። መርፌው ቀዩን አልፎ መጨረሻው ላይ ተኝቷል። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። እንዲህ ያለ ዓይን ትኩሳት ይዟት መድኃኒት የማትውጥ ሕፃን ላይ ነው የማውቀው።

ትርፍ መተንፈሻዬን አወጣሁና አፉ ላይ ደገንኩለት። አልተቀበለም፤ ለመቀበል አንድ እጁን ከድንጋዩ መልቀቅ አለበት፤ መልቀቅ ደግሞ አልቻለም። አረፋው ቆመ። የእሱን መተንፈሻ ነቅዬ ትርፉን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ተንፍስ ጋሼ፣ ተንፍስ፣ በእናቴ፣ በአማትህ! ድምፅ የለኝ፤ በዓይኔ ነው የምጮኸው። ተነፈሰ። አንድ ትልቅ አረፋ ጆሮዬን ታኮ ወጣ።

አሁን ቀሪው ድንጋዩ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ አላቀቅኩ፤ አንዱን ሳላቅቅ ሌላው ተመልሶ ይይዛል። ያላቀቅኩትን እጅ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛውንም። ያን ጊዜ ድንጋዩን ያቀፈውን ያህል እኔን አቀፈኝ። ጥፍሩ በጎማው ልብስ ላይ ተሰማኝ።

ወደ ላይ መሮጥ የለም። የሮጠ ሳንባው ይፈነዳል። ቀስ፣ ቀስ እያልን ወጣን፤ አንድ ሲሊንደር ለሁለት አፍ። የእኔም መርፌ እየወረደ ነው። ከላይ ብርሃኑ ይታያል፤ ግን ደም ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣ መንገድ ላይ ቆሞ ማረፍ ግድ ነው። እዚያ ተንጠልጥለን ፊት ለፊት ተያየን። ትንፋሹ ሲረጋጋ፣ ከእኔው እኩል ሲሆን ቆጠርኩት። ሲረጋጋ እኔ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። እህቴ በር ላይ ቆማ ትታየኝ ነበር።

ስንወጣ ጀልባው ርቆ ነበር። እጄን አውለበለብኩ፤ አዩን። አስጠላቂው ከተጋቢዎቹ ጋር ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጀልባ ላይ እኔን ትቶ ወደ ጋሼ ዞረ። «መቶ ጊዜ አላሉም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ከላዩ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። «አንድ ጊዜ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። «መቶ ጊዜ ደገምኩት።»

አንጀቴን በላው። ያ የእኔ ቀልድ ከእሱ አፍ ሲወጣ ጭራሽ አላሳቀኝም።

ቤት ስንደርስ እህቴ በሩን ከፍታ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። «እንዴት ነበር?»

ሻንጣዬን በሩ ላይ አስቀመጥኩ።

«ውሃው ይቀዘቅዛል» አለ ጋሼ፤ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ከዚያ ዝም። አይደውልም። በመድኃኒት ቤቱ ሳልፍ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሁድ ምሳ ስመጣ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይወጣል። እህቴ «ምን አድርገኸው ነው?» ትለኛለች፤ ምን ልበላት? ይኸው ዘመዴን አጣሁት አልኩ። ይዤው መጣሁ፤ ግን አጣሁት። ወራት አለፉ። ነገረኛው፣ ድርቅ ያለው፣ ያንኑ ወሬ በዚያው ቃል የሚደግመው ሰውዬ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ ማን ያምናል? በሥራ ገበታዬ ላይ ሆኜ «ከማታውቀው መልአክ» ስል ራሴን ያዝኩት።

የዕረፍት ወቅት ሲቃረብ ስልኬ ጮኸ። አንቱታውን ልመልስ፤ ክቡር እዚያው ናቸው።

«ጋዜጠኛው፣ ዕረፍት ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ ጋሼ። አንተ ወደምትወደው ቦታ እንሂድ። ወደ አክስትህ፣ ወደ አስተማሪህ። ሁለተኛ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«እዚያ ምን አስቸኮለህ? እነሱ የትም አይሄዱም» አሉ። «እዚያው ነው እንጂ የምንሄደው።»

«እዚያው የት?»

«ጋዜጠኛው ጋ ነዋ!»

«የምን ጋዜጠኛ?»

«ድንጋዩ!» አሉ፣ እንደ ደንቆሮ እየጮኹብኝ። «ያ ያቀፍኩት። ስም ሳላወጣለት ወጥቼ ወራቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ። በአንተ ነው የሰየምኩት። ከእንግዲህ ጋዜጠኛው ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። መለኪያዬንም አያለሁ፤ ለእህትህ ምያለሁ።»

ነግረዋታል ማለት ነው። ሁሉንም ነግረዋታል፤ እኔም ሳልከለከል ደጇን እየረገጥኩ ነው።

«ድንጋይ ይረጋል አላልክም ነበር?» አልኳቸው።

«ብያለሁ» አሉ። ከኋላቸው የመድኃኒት ቤቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ። «ያን ቀን ረግተሃል።»

ዕድሜ ልኬን በራሴ ጉዞ አንድ ባሕር ሁለቴ ገብቼ አላውቅም ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስልኩን ይዤ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩ።